ስለ ጤና ፖስተርና ስለ ፊደል፦ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የመመረቂያ ሥራ ርዕስ የሚያዝበት ሰሞን ሲደርስ የቢሮዬ በር አያርፍም። «መምህር፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ» ብሎ የገባ ተማሪ ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ ወንበር ይስባል። የጤና ግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ የሚመርጡት ብዙ ስለሆኑ ጥያቄያቸውም ይመሳሰላል። ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፌዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቆየት ብያለሁ፣ በየዓመቱ የሚያሳስታችሁ እሱ ስለሆነ።

የታይፖግራፊ (የፊደል አመራረጥና አደራደር) ችሎታዬን ማሳየት ነው የምፈልገው። የቡና ማሸጊያ ብሠራ አይሻለኝም? ጤና ምን አመጣው?

የቡና ማሸጊያ ጽሑፉ ባይነበብ ገዢው አሽትቶ ያውቀዋል። የጤና ፖስተር አይሸተትም።

አንዲት ተማሪዬ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ቤት ውስጥ ስለሚዘጋጅ መጠጥ ፖስተር ሠርታ ነበር። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የኦአርኤስ ዱቄት ሳይገኝ ሲቀር የሚዘጋጀው ማለት ነው። ልኩ የታወቀ ነው፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ያልተቆለለ። ፖስተሩ ያምር ነበር። ፊደሉ ክብ ክብ፣ ቀለሙ የሰማይ፣ ቁጥሮቹ ግዙፍ። ግማሹን ግን «1/2» ብላ ነበር የጻፈችው፤ ያቺ ሰረዝ ደግሞ በዚያ ፎንት ቀጥ ብላ የቆመች ነበረች። ለሙከራ ያሳየናት እናት ጮክ ብላ አነበበችልን፦ «አንድ... ሁለት ማንኪያ ጨው።» ተማሪዬ ቀና ብላ አየችኝ። ጨው ሲበዛ ሕፃኑን የሚጎዳ ነገር ነው። በማግስቱ ቁጥሩ ወጥቶ «ግማሽ» በፊደል ገባ፤ ከአጠገቡም እስከ ወገቡ ብቻ ጨው የያዘ ማንኪያ ተሳለ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቼ የጻፉትን ክፍልፋይ ሁሉ በፊደል አስጽፋለሁ።

ችሎታ ማሳያ ከፈለጋችሁ ከዚህ የከበደ ፈተና አታገኙም።

የትኛውን ፎንት ልጠቀም?

ለመጀመሪያ ሥራ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይበቃል። ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም የተለያየ ውፍረት አለው፣ ፖስተርም ስልክም ላይ ይሠራል። ረዘም ላለ ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አለ። አቢሲኒካ ኤስአይኤልም በነፃ የሚገኝ ሲሆን ወደ ቁም ጽሕፈቱ የሚጠጋ ወዝ አለው፤ ለትልልቅ ሰዎች በሚዘጋጅ በራሪ ወረቀት ላይ ደስ ይለኛል። ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ (በቀድሞዎቹ ላይ ኒያላም)፣ ማክ ላይ ኬፋ አብረው ስለሚመጡ ብዙዎቻችሁ በእነሱ ትጀምራላችሁ። ኒያላ ለመጽሐፍ እንጂ ከሩቅ ለሚታይ ርዕስ ይቀጥንብኛል።

ፎንት ስትፈትኑ «ሀ ሁ ሂ ሃ» አትጻፉ፤ ያ የሚያምርበት ፎንት ብዙ ነው። ርዕሳችሁ ውስጥ ያሉትን አስቸጋሪ ቃላት ጻፉ፦ «ጭንቀት»፣ «ሳንባ»፣ «ጡት»፣ «ሕፃናት»፣ «ቋንጃ»። በወፍራሙ አድርጉትና ራቅ ብላችሁ እዩት። በ«ጭ» እግሮች መካከል ያለው ነጭ ቦታ ከተደፈነ ወይም «ቋ» ጠብታ ቀለም ከመሰለ ያ ውፍረት ለእናንተ ሥራ አይሆንም። ፎንቱ እንዳለ ሆኖ አንድ ደረጃ ቀጠን አድርጉት።

ኮምፒውተሬ ላይ አማርኛ የነበረው ማተሚያ ቤት ሲደርስ ለምን ሌላ ነገር ሆነ?

ፊደላችን በ1999 (እንደ አውሮፓውያን) በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጡበት ሥርዓት) የራሱን ቦታ አገኘ። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት፣ የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ሲከፍተው ወንበሩን እንጂ ተቀማጩን አያይም። ስለዚህ «ክትባት» ያላችሁት የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ሆኖ ይወጣል።

እኔም ደርሶብኛል። ገና ጀማሪ ሳለሁ ስለ ኩፍኝ ክትባት የሠራሁት 500 ቅጠል ታትሞ መጣ፤ አናቱ ላይ ያለው ርዕስ ደህና፣ የታችኛው ግን የቁጥርና የነጥብ መንጋ። ርዕሱን ወደ ቅርጽ ቀይሬው ነበር፣ የታችኛውን ረስቼዋለሁ። ማተሚያ ቤቱን ልወቅስ ሄጄ ራሴን ወቅሼ ተመለስኩ። አሁን ሁለት ነገር አደርጋለሁ፦ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ እጽፋለሁ፣ ለኅትመት የምልከውን ፒዲኤፍ ደግሞ ፊደሉን ሁሉ አውትላይን አድርጌ፣ ማለትም ወደ ቅርጽ ቀይሬ፣ እልካለሁ። የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ፣ አውትላይን የሆነ ጽሑፍ ላይ አንዲት ሆሄ ማረም አትችሉም።

ፊደላችን ካፒታልም ኢታሊክም የለውም። አንድን ቃል እንዴት ላጉላው?

የብራና ጸሐፊዎቹ እንዳደረጉት። እነሱ የምዕራፍ መጀመሪያንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ የቀረው በጥቁር። ገጹን ስትገልጡት ዓይን የት መሄድ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል። ቀለም፣ መጠን፣ ውፍረትና ባዶ ቦታ አሉላችሁ። ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ተጠቀሙ፣ አራቱንም አንድ ቃል ላይ አትጫኑ።

የማይደረገው፦ ፊደሉን በግድ ወደ ጎን ማዘንበል። ሶፍትዌሩ እሺ ይላችኋል፤ ፊደሉ ግን የወደቀ አጥር ይመስላል። ፊደላቱን በጣም ማራራቅም እንዲሁ። ቃሉ ይበተንና የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አይታወቅም፣ በተለይ ሁለት ነጥብን (፡) ትተን በባዶ ቦታ ብቻ ቃል ከቃል መለየት ከጀመርን ወዲህ። ሁለት ነጥቡን ርዕስ ላይ ለጌጥ መመለስ የሚወዱ ተማሪዎች አሉ። ርዕስ ላይ አልከለክልም፤ የመድኃኒት አወሳሰድ ላይ እከለክላለሁ።

ጽሑፉ ምን ያህል ይተልቅ?

ለላቲን ትልልቅ ፊደላት የቆየ ልማድ አለ፦ ከ3 ሜትር ለሚነበብ ጽሑፍ የፊደሉ ቁመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን ይባላል። እኔ ለአማርኛ ከዚያ ከፍ አደርጋለሁ። ምክንያቱን ለማየት «ታጠቡ» እና «ታጠቢ» ብላችሁ ጻፉና አምስት እርምጃ ወደኋላ ሂዱ። ካዕቡን ከሣልሱ የምትለየው ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ የተቀጠለች አንዲት ጭረት ናት። ሰ ከሸ፣ ተ ከቸ፣ ነ ከኘ፣ ደ ከጀ የሚለዩትም አናት ላይ ባለች ሰረዝ ነው። ቃሉ እንዳለ ይነበባል፣ መጨረሻው ግን ይሟሟል። መጨረሻው ደግሞ በአማርኛ ማን እንደታዘዘ የሚነገርበት ቦታ ነው።

የመስመር ርቀትም አትሠሥቱ። የላቲን ትንንሽ ፊደላት ከፍ ዝቅ ስለሚሉ በመስመሮቹ መካከል በራሳቸው አየር ይፈጥራሉ። የእኛ ፊደል ከአናት እስከ እግር የተሞላ ስለሆነ መስመር በመስመር ላይ ሲጫን የድንጋይ ካብ ይሆናል። 12 ነጥብ (ፖይንት) ለሆነ ጽሑፍ 18 ነጥብ የመስመር ርቀት ስጡት፣ ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጣችሁን አትመኑ።

«ታጠብ» ልበል፣ «ታጠቢ»፣ «ታጠቡ» ወይስ «ይታጠቡ»?

ይህ ጥያቄ የዲዛይን አይመስላችሁም፤ ነው። «ታጠቡ» ለብዙ ሰው ስለሆነ ለትምህርት ቤት ግድግዳ ይሆናል። ለጤና ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል «ይታጠቡ» እመርጣለሁ፦ እዚያ የተቀመጡት አባትና እናት ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚያነቡት፣ በግድግዳ መታዘዝም ደስ አይላቸውም። ስለ ማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ የሠራች ተማሪ ርዕሱን «ተመርመሪ» አለችው። ለእኩዮቿ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እህት ለእህት እንደምትናገረው ነው። እናቷን በሚያህሉ ሴቶች ፊት ሲለጠፍ ግን «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ያስብላል። ለማን እንደምትሠሩ ሳትወስኑ ግሱን መጻፍ አትችሉም፤ ግሱን ሳትጽፉ ደግሞ የርዕሱን ስፋት አታውቁም። «ይመርመሩ» ከ«ተመርመሪ» ጋር በፊደል ብዛት ቢመሳሰልም «ያስመርምሩ» ሲሆን መስመር ይሞላል።

እዚያው ላይ «ማሕፀን» እንዴት ይጻፋል?

ማህፀን፣ ማኅፀን፣ ማሕፀን፣ ማህጸን። አራቱንም በአንድ ተማሪ ተከታታይ ፖስተሮች ላይ ቆጥሬያለሁ። ቃሉ «ሕፃን» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ እኔ በሐመሩ ሐ እና በፀሐዩ ፀ እጽፈዋለሁ። እናንተ ሌላ ብትመርጡ አልጣላችሁም፤ ነገር ግን ከመረጣችሁ በኋላ ፖስተሩም፣ በራሪ ወረቀቱም፣ የማኅበራዊ ሚዲያው ምስልም አንድ ዓይነት ይሁን። ተመልካች ሁለት ዓይነት ሆሄ ሲያይ ሁለት የተለያየ ሰው የጻፈው ይመስለዋል፣ ከዚያ ይዘቱንም መጠራጠር ይጀምራል።

አንድ ቃል ብቻ ያለበት ፖስተር መሥራት እፈልጋለሁ። ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ጽሑፋችን ጥብቀትንና ልልነትን እንደማያሳይ አትርሱ። ካንሰርን ቀድሞ ስለመመርመር የሠራ ልጅ በግዙፍ ፊደል «ገና ነው» ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ «ገና ነው እያልክ አትዘናጋ» ነበር። የለጠፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስለነበር ያለፈ ያገደመው «አዎ፣ ገና ነው፤ በግ ስንት ገባ?» ይለዋል። «ዋና» ብቻውን ሲቆም መዋኘት ነው ወይስ ዋናው? «ጥሬ ሥጋ አይበላም» ስለ አንድ ሰው ምርጫ ነው ወይስ ክልከላ? ሲነገር ይለያል፣ ሲጻፍ አይለይም። «ሽፍታ» ደግሞ ጠበቀም ላላም አይድንም፤ «ሽፍታ ካዩ ፈጥነው ያሳውቁ» የሚል ርዕስ ያለ ሥዕል ቢለጠፍ ለጤና ጣቢያ ይሁን ለፖሊስ አይታወቅም።

በሰዋስው መጻሕፍት ጥብቀት ከፊደሉ አናት ላይ በነጥብ ይጠቆማል፤ ዩኒኮድም ለዚያ ምልክት ቦታ ሰጥቶታል። ሕዝቡ ግን ስለማያውቀው የቀለም ጠብታ ነው የሚመስለው። መፍትሔው ሥዕል ወይም ከሥር አንዲት አጭር መስመር ነው።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ብዬ ብጀምርስ?

አይሆንም።

እሺ፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባባሉ መልካም ነው፣ ቤት ይመታል፣ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ችግሩም እሱ ነው፦ ዓይን ካወቀው በኋላ አያነበውም። ከዚያም ምን እንደሚደረግ አይናገርም። መጠንቀቅ እንዴት? በአጎበር? በሳሙና? በክትባት? የርዕስ ቦታችሁን ምንም ለማያዝዝ አራት ቃል ሰጥታችሁ «በሳምንት አንዴ» የሚለውን ዋና ነገር ከታች በጉንዳን ፊደል ታስቀምጡታላችሁ።

የእንግሊዝኛውን ምህፃረ ቃል መተርጎም እችላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ለስትሮክ ምልክቶች በእንግሊዝኛ «ፋስት» የሚሉት አለ፦ ፊት፣ ክንድ፣ ንግግርና ጊዜ የሚሉት አራት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላቸው ሲገጣጠም «ፈጣን» የሚል ቃል ይወጣል። አማርኛ ላይ ፊደሎቹ ተገጣጥመው የትም አይደርሱም። አንድ ተማሪ ምህፃረ ቃሉን ጥሎ ጥያቄውን ያዘ፦ «ፊቱ ተጣመመ? እጁ ዛለ? ምላሱ ተሳሰረ?» ከሥር በቀይ፦ «አሁኑኑ ሐኪም ቤት!» ሦስቱም መስመር በጥያቄ ምልክት ስለሚያልቅ ምልክቶቹ በቀኝ በኩል በአንድ ዓምድ ተሰለፉ፤ ለታይፖግራፊው ያ ብቻ በቂ ነበር።

ከራሳችን ሲወለድ ግን ምህፃረ ቃል ይሠራል። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተብሎ «አተት» የተባለው ሦስት ፊደል ገጠርም ከተማም ገብቷል።

ስለ ሰዓት፣ ቀንና ቁጥር የምትጨቃጨቁን ለምንድን ነው?

የመድኃኒት ቤቱን ትንሽ የወረቀት ፖስታ ታውቁታላችሁ። ክኒኑ ይገባበታል፣ ፋርማሲስቱ በእስክሪብቶ አንድ ነገር ይጭርበታል፣ አለቀ። አንዲት ተማሪ መመረቂያዋን እሱን ብቻ አደረገች፤ ጓደኞቿ ግድግዳ የሚያህል ባነር ሲያሳዩ እሷ መዳፍ የምታህል ፖስታ ይዛ ቆመች። እስካሁን ካማከርኳቸው ሥራዎች የምወደው እሱን ነው።

ያገኘችው ችግር ይህ ነበር። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን ብዙ ሰው «በ8 ሰዓት» ብሎ ይወስደዋል፤ የምትለየው አንዲት «የ» እና መጨረሻ ላይ ያለችው ካዕብ ናቸው። በ8 ሰዓት የተባለ ደግሞ ከምሳ በኋላ አንዴ ይውጣል። ከውጭ የመጣ ማሸጊያ ላይ «8:00» ተብሎ ከተጻፈ ሌላ ጣጣ አለ፣ ያ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ተማሪዋ ሰዓትን ጭራሽ አወጣችው። ፖስታው ላይ ሦስት ሥዕል አስቀመጠች፦ ከተራራ የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ ያለች ፀሐይ፣ ጨረቃ። ከየሥራቸው ባዶ ሳጥን፤ ፋርማሲስቱ የክኒኑን ብዛት ብቻ ይሞላል። ሳጥኑን መጀመሪያ 6 ሚሊ ሜትር አድርጋው ነበር፤ ሰው የሚበዛበት ሰዓት ላይ ቆሞ ለሚጽፍ እጅ ስለጠበበ 12 አደረገችው። ከታች «ከምግብ በፊት» እና «ከምግብ በኋላ» ተጽፎ አንዱ ይከበባል። ቆንጆ ፊደል አልተጠቀመችም። ኖቶ ሳንስ፣ አንድ ቀለም፣ ሌላ ምንም።

ለቀን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ተጠቀሙ። የዓለም ኤድስ ቀን ዲሴምበር 1 ብሎ ለሚመጣ ዝግጅት ኅዳር 22 ተብሎ ይጻፋል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን አንድ ቀን ስለሚዛነፍ ካላንደር ሳታዩ ወደ ኅትመት አትላኩ። የግዕዝ ቁጥሮች (፩፣ ፪፣ ፫) ለርዕስ ያምራሉ። ለመድኃኒት መጠንና ለስልክ ቁጥር አይሆኑም፦ ዜሮ የላቸውም፣ ፈጥኖ የሚያነባቸውም ጥቂት ሰው ነው። ኮቪድ ኢትዮጵያ ውስጥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ባሉት ወራት 8335 የሚለውን የስልክ መስመር ማን ረሳው? አራት አሃዝ፣ ያለ ምንም ጌጥ፣ የትም ቦታ። አሁን ደግሞ የምታመጡልኝን ፖስተሮች እዩ፤ የስልክ ቁጥሩ ከታች ከተሰለፉት የአጋር ድርጅቶች ሎጎዎች ያንሳል። አምስት ሎጎ ታሞ የሚደውል ሰው አላየሁም።

የሚያስፈራ ፎቶ ብጠቀም መልእክቱ አይጠነክርም?

ሰው ያያል፣ ይደነግጣል፣ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ጽሑፉን ማን ያንብብላችሁ? በኤችአይቪ መጀመሪያ ዘመን የነበሩትን የአፅምና የራስ ቅል ሥዕሎች ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው፤ የሚያስታውሱት ፍርሃቱን እንጂ ምርመራውን አይደለም። በሽታውን ፈርቶ በሽተኛውን የሸሸ ሰው ብዙ ነበር። ቃላቱም እንደ ሥዕሉ ናቸው፦ «የኤድስ ሰለባ» አትበሉ፣ «ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ» ይባላል። «እብድ» ሳይሆን «የአእምሮ ሕመም ያለበት»። «ቆማጣ» የሚለውን ጨርሶ እርሱት፣ የሥጋ ደዌ አለ።

የታማሚ ፊት ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ «ፊቱን አደበዝዘዋለሁ» የሚለውም መልስ አይደለም። በሠፈሩ ሰውን በኮቱም ያውቁታል።

ማንበብ ለማይችል ሰውስ?

ሥዕል ብቻ ይበቃል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሥዕልም ይነበባል፣ ማንበቡም ይለመዳል። ሦስት ሥዕል ከግራ ወደ ቀኝ ደርድራችሁ ታሪኩ ተከታታይ ነው ትላላችሁ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከመካከለኛው ሊጀምር ይችላል፣ ትልቁ እሱ ከሆነ። አጎበሩ ላይ ለማሳየት ብላችሁ በሬ የምታህል የወባ ትንኝ ከሳላችሁ «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ቀይ የኤክስ ምልክትም «አታድርግ» መሆኑ ለሁሉም ግልጽ አይደለም።

እንዲህ ላለው ሥራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አስቡ። ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. አንስቶ ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስረዱት እነሱ ናቸው። ለእነሱ የሚሆን ጥሩ ሥራ ሁለት ገጽ አለው፦ እናትየው ፊት ለፊት ሥዕሉን ታያለች፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ሠራተኛዋ የምትናገረው በትልቁ ተጽፏል። የፊደል ሥራችሁ የሚፈተነው ጀርባው ላይ ነው፤ ደብዘዝ ባለ ጎጆ ውስጥ ቆማ፣ ካርዱን በአንድ እጇ ይዛ ነው የምታነበው።

ይዘቱን ከየት ላምጣ?

ከኢንተርኔት አትገልብጡ። የጤና ሚኒስቴርን ጽሑፎች ያዙ፣ ከዚያ ለአንድ የጤና ባለሙያ አሳዩ። ዲዛይኑን አይደለም የምታሳዩት፣ በነጭ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ብቻ። ቀለም ካዩ ስለ ቀለም ያወራሉ።

ሙከራውን እንዴት ላድርግ?

ከትምህርት ቤት የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ ጤና ጣቢያው ሲፈቅድ በክትባት ቀን ሂዱ፣ ወረፋ እንዳታስቱ። ፖስተሩን በ3 ሜትር ርቀት 5 ሰከንድ አሳዩና ገልብጡት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ምን ያድርጉ ይላል?»

«ያምራል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰዋችን ጨዋ ነው፤ «በጣም ያምራል ልጄ፣ በርታ» ይላችኋል፣ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትመለሳላችሁ፣ ምንም ሳታውቁ። «ምን ያድርጉ ይላል?» ስትሉ ግን ዝም ካሉ ዝምታው መልስ ነው። ስምንት አሥር ሰው ጋ ስትደርሱ ስሕተቱ ራሱን መድገም ይጀምራል።

ኤአይ የሠራልኝን ምስል መጠቀም እችላለሁ?

ምስሉ ላይ ያለውን «አማርኛ» አንዴ ለማንበብ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል እንጂ ፊደል አይደለም።

ያልተነካ ርዕስ አለ?

ሁሉም ጥቅምት ላይ ሮዝ ሪባን፣ ኅዳር ላይ ቀይ ሪባን ይዞ ይመጣል። እኔ ብሆን የኅዳር በሽታን እይዝ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጠቃው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባንም መትቷት ነበር። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው። የወረርሽኝ ትዝታ ከመቶ ዓመት በላይ በጭስ ሲታወስ ይገርማል፤ ፕላስቲኩ አብሮ ሲነድ ደግሞ ያው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ይህን ተቃርኖ በፊደል ብቻ የሚያሳይ ሰው እስካሁን አልመጣልኝም። ፊደልን ራሱን ሥዕል ስለማድረግ የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ሸራዎች እዩ፤ ሆሄው ይሰበራል፣ ይጨፍራል፣ ሰው ይሆናል። ግን እነዚያ ሸራዎች እንዲነበቡ ግዴታ የለባቸውም፣ የእናንተ አለበት።

ውጭ አገር ላለው ማኅበረሰብ ብሠራስ?

መልካም ነው፣ ሥራም አለ። ዋሺንግተን ዲሲ በ2004 (እንደ አውሮፓውያን) ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የተነሳ መሥሪያ ቤቶቿ ሰነድ ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እዚያ የሚገጥማችሁ ሌላ ጣጣ ነው፦ አማርኛ የማያነብ ዲዛይነር የተተረጎመውን ገልብጦ ሲለጥፍ መስመሩ ቃል መካከል ይሰበራል፣ አራት ነጥቡ ብቻውን አዲስ መስመር ላይ ይወርዳል። ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን ፒዲኤፍ አማርኛ አንባቢ ማየት አለበት፤ ቀኑንም እዚያ ባለው ካላንደር ጻፉ።

ለማተሚያ ቤት ምን ላዘጋጅ?

ቀለሙ ሲኤምዋይኬ (አራቱ የኅትመት ቀለሞች)፣ ፎቶው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ዙሪያውን ሲቆረጥ የሚወገድ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ፣ ፊደሉ አውትላይን። አንድ ናሙና ሳታዩ 200 አታሳትሙ፣ የሚያትመው ልጅ «እሱን ለእኔ ተይው እህቴ» ቢልም።

ፖስተሩ ፀሐይ ላይ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ከምትገምቱት ያነሰ፤ የሚጠፋውም በእኩል አይደለም። ቀይ የሚሠራው ከማጀንታና ከቢጫ ሲሆን ሁለቱም ፀሐይ ላይ ከጥቁር ቀድመው ይለቃሉ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ በኮቪድ ጊዜ የተለጠፈ ወረቀት ነበር፦ «ያለ ማስክ መግባት» በጥቁር፣ «ክልክል ነው» ደመቅ እንዲል በቀይ። በሁለተኛው ክረምት ሳልፍ ቀዩ ጨርሶ ለቅቆ ነበር። የቀረው «ያለ ማስክ መግባት» ብቻ ነው፤ ጥበቃውም ከሥሩ ተቀምጦ ማስክ ያጠለቁትን «አውልቁና ልያችሁ» ይላል።